ምሕንድስናን መማር ለሚፈልጉ፡ ሦስቱ የምርጫ በሮችና ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር በገጠርም ሆነ በከተማ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች «ልጃችን ምን ይማር?» በሚል ጥያቄ ይወያያሉ። ልጁ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከሆነ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ሕክምና ወይም ምሕንድስና።

ምሕንድስና ግን አንድ ትምህርት አይደለም። ድልድይ የሚገነባውም፣ የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠረውም፣ የመስኖ ቦይ የሚቀይሰውም፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋውም መሐንዲስ ይባላል። ምርጫውም ውጤት በተገለጸ ማግስት በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። አሁን ባለው የሀገሪቱ የትምህርት ሥርዓት አንድ ተማሪ ወደ ምሕንድስና ለመግባት ሦስት በሮችን ማለፍ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው በ11ኛ ክፍል የሚመረጠው የትምህርት ዘርፍ ነው። ሁለተኛው ብሔራዊ ፈተናውና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሚወሰነው የትምህርት ክፍል ምደባ ነው።

እነዚህ በሮች በየራሳቸው ጊዜ ይከፈታሉ፤ በየራሳቸው ጊዜም ይዘጋሉ። አንዱ ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ ማስከፈት አዳጋች ነው። ስለዚህ ቤተሰብ እያንዳንዱ በር ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማወቁ፣ ተማሪው አምስት ዓመት ከሚያሳልፍበት ትምህርት ጋር ሳይተዋወቅ እንዳይገባ ይረዳል።

የመጀመሪያው በር፡ የ11ኛ ክፍል ምርጫ

ተማሪዎች 10ኛ ክፍልን አጠናቀው ወደ 11ኛ ሲሸጋገሩ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን ይመርጣሉ። ወደ ምሕንድስና የሚወስደው መንገድ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ያልፋል። በዚህ ዕድሜ ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ሐሳቡን ቢለውጥ ወደ ምሕንድስና ለመግባት ይቸገራል።

ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛ በተቀመጠበት ክፍል ለመቀመጥ ወይም «ጎበዝ ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ይገባል» በሚል ልማድ ይከናወናል። ሁለቱም በቂ ምክንያት አይደሉም። ይልቁንም በ9ኛ እና በ10ኛ ክፍል የተመዘገበው የሒሳብና የፊዚክስ ውጤት ትክክለኛ መነሻ ነው። ሒሳብ ለምሕንድስና እንደ ሞፈርና ቀንበር ነው፤ ያለ እርሱ የሚታረስ ማሳ የለም። ፊዚክስ ደግሞ ስለ ኃይል፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተምር የሁሉም የምሕንድስና ዘርፎች መሠረት ነው።

ሌላው በዚህ ደረጃ ትኩረት የሚሻው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን መጻሕፍቱም የተጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። በሒሳብ ጎበዝ ሆነው ጥያቄውን አንብበው ባለመረዳታቸው ብቻ ውጤታቸው የሚወርድ ተማሪዎች አሉ።

ሁለተኛው በር፡ ብሔራዊ ፈተናና የዩኒቨርሲቲ ምርጫ

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በብሔራዊ ፈተናው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ እና የስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ከወረቀት በተጨማሪ በኮምፒውተር መስጠት ተጀምሯል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ በፈተናው ዕለት በማውሱ ምክንያት ጊዜ እንዳያባክን ቀደም ብሎ መለማመዱ ጠቃሚ ነው።

በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህን መስፈርት ያሟሉት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ቢሻሻልም ከ100 ተፈታኞች በቀጥታ የሚያልፉት አሁንም ከ10 በታች ናቸው።

ከ50 በመቶ በታች አምጥተው ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያስቀምጠውን የመቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሜዲያል ትምህርት የሚከታተሉበት አሠራር ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። እነዚህ ተማሪዎች ትምህርቱን ተከታትለው የሚሰጣቸውን ፈተና ሲያልፉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናሉ። በሬሜዲያል ገብቶ መሐንዲስ መሆን ይቻላል። ነገር ግን ዕድሉ የመጨረሻ ማካካሻ በመሆኑ እንደ ዕረፍት ጊዜ ሊታይ አይገባም።

በልዩ ልዩ ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠ ወይም በፈተናው ያልተቀመጡ ተማሪዎች በሌላ ዙር ወይም በግል ተፈታኝነት የሚመዘገቡበት ዕድል አለ። የምዝገባውን ጊዜ በቅርብ ከሚገኝ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውጤት ከታወቀ በኋላ ተማሪዎች በትምህርት ሚኒስቴር የበይነ መረብ ገጽ ገብተው ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይመርጣሉ። ምደባው የተማሪውን ውጤት፣ ያስቀመጠውን ቅደም ተከተልና የዩኒቨርሲቲዎችን የመቀበል አቅም መሠረት ያደርጋል። አካል ጉዳት ላለባቸው፣ የጤና ችግር ላለባቸው፣ ለሚያጠቡ እናቶችና በመመሪያው ለተለዩ ሌሎች ተማሪዎች ልዩ ድጋፍ ይደረጋል። ይህን ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪ ማስረጃውን በተወሰነው ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት።

በዚህ ወቅት የሚፈጠር የተለመደ ስህተት ምርጫውን ለኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ አሳልፎ መስጠት ነው። ተማሪው ወረፋ በዝቶበት ወይም ወደ ቀበሌው የሚመለስበት መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሎ የምዝገባ ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን ትቶ ይሄዳል። ሠራተኛውም ለመሰለው ዩኒቨርሲቲ ቅድሚያ ይሰጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው በጥድፊያ የተሞላ ቅጽ ከተዘጋ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ተማሪው ቅደም ተከተሉን ቤት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ በወረቀት ጽፎ መሄድ፣ በራሱ እጅ መሙላት፣ የሞላውን ማስረጃ ማሳተምና የይለፍ ቃሉን ለማንም አለመስጠት ይኖርበታል።

ዩኒቨርሲቲን በምን መለየት ይቻላል?

ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት ተማሪው የሚፈልገው የምሕንድስና ዘርፍ በዚያ መኖሩ ነው። ሲቪል ምሕንድስና በአብዛኞቹ ይሰጣል፤ ጨርቃጨርቅ፣ ማዕድን፣ ባዮሜዲካል ወይም የግብርና ምሕንድስና ግን በሁሉም አይገኝም። ወደማይሰጥበት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ያንን ዘርፍ ሊያገኝ አይችልም።

ዩኒቨርሲቲዎች በአመሠራረታቸውም ይለያያሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት በአምስት ኪሎ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ ነው። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መነሻው በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ሲሆን፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ይገኛል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርቱን የሚሰጠው በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን በፋብሪካ ከተማነቷ የምትታወቀው ኮምቦልቻ ለተግባር ልምምድ አመቺ ናት። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተነሥቶ ያደገ በመሆኑ በውኃና በመስኖ ምሕንድስና ስሙ ይነሣል። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ትምህርት የቆየ ታሪክ አለው።

አንዳንድ ተቋማት ከብሔራዊ ፈተናው በተጨማሪ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ይታወቃሉ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ወደ እነዚህ ለመግባት የሚፈልጉ ተማሪዎች ለየብቻው ማመልከት ስላለባቸው ማስታወቂያውን በንቃት መከታተል ይገባቸዋል። የማመልከቻው ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል መረጃው ወደ ገጠር ሳይደርስ የሚያልፍበት አጋጣሚ አለ።

ርቀትም ሊናቅ አይገባም። ቅርብ ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ወጪን ይቀንሳል፤ ወላጅም ልጁን ለመጠየቅ ይመቸዋል። ይሁን እንጂ ቅርበት ብቻውን የሚፈለገውን ዘርፍ አይተካም።

ሦስተኛው በር፡ የመጀመሪያው ዓመት

በርካታ ቤተሰቦች ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ምሕንድስና መማር የጀመረ ይመስላቸዋል። አሠራሩ ግን ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ተለውጧል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉም ዘርፎች የተውጣጡ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳሉ። ከእነዚህም መካከል ሒሳብ ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ አጠቃላይ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቡና፣ አመክንዮና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ይገኙበታል። ከመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በኋላ ወደ ምሕንድስና የሚያመሩት ከሌሎቹ እየተለዩ በተግባራዊ ሒሳብና በኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ትምህርቶች ይቀጥላሉ። የተወሰነ የምሕንድስና ትምህርት ክፍል የሚመደቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ምደባው በዋናነት የመጀመሪያ ዓመት ውጤትን ይመለከታል። የብሔራዊ ፈተና ውጤትን ጨምረው የሚያሰሉ ተቋማትም አሉ። ለሴት ተማሪዎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በማደግ ላይ ካሉ አካባቢዎች ለመጡ ተማሪዎች ተጨማሪ ድጋፍ ይታሰባል። ብዙ ተማሪ የሚመርጠው ክፍል ውስን መቀመጫ ሲኖረው ቦታው ከፍተኛ ውጤት ካላቸው እየተሞላ ይወርዳል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ስለ ትምህርት ክፍል የሚወሰነው የመጀመሪያዎቹ ወራት በሚጠኑበት መጠን ነው። ከቤተሰብ ተለይቶ ወደ አዲስ ከተማ የሄደ ተማሪ አንድ ወሰነ ትምህርት «አካባቢውን ልልመድ» ብሎ ካሳለፈ፣ የሚለምደው ሳይመርጥ የተመደበበትን ክፍል ይሆናል። እንደ ሥነ ልቡናና ጂኦግራፊ ያሉት ትምህርቶች ከምሕንድስና ጋር ግንኙነት የሌላቸው ቢመስሉም በውጤት ስሌቱ ውስጥ ስለሚገቡ ችላ ሊባሉ አይገባም።

አንድ ግድብ፣ ብዙ መሐንዲሶች

ዘርፎቹን ለመለየት የኢትዮጵያ ታላቁ ሕዳሴ ግድብን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ይህ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ የተተከለበትን አለት ጽናት ያጠኑት የሥነ ምድርና የጂኦቴክኒክ ባለሙያዎች ናቸው። የኮንክሪቱን ግንብ ያቆሙት ሲቪል መሐንዲሶች ናቸው። የውኃውን መጠንና ፍሰት ያሰሉት የሃይድሮሊክ መሐንዲሶች ናቸው። በውኃ ግፊት የሚሽከረከረው ተርባይን የመካኒካል መሐንዲሶች ሥራ ነው፤ ከጄኔሬተሩ ተነሥቶ እስከ ቤት ድረስ የሚዘልቀው ኃይል ደግሞ የኤሌክትሪካል መሐንዲሶች። ሥራው አንድ ቢሆንም የየድርሻቸው ትምህርት የተለያየ ነው።

ሲቪል ምሕንድስና የመንገድ፣ የድልድይ፣ የሕንጻና የውኃ አቅርቦት ሥራዎችን ይመለከታል። በየወረዳውና በየከተማ አስተዳደሩ የሚፈለግ ሙያ ነው። በሌላ በኩል በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚሰጥ በየዓመቱ የሚመረቀው ብዙ ነው፤ የግንባታ ሥራ ሲቀዛቀዝም ቀድሞ የሚጎዳው ይህ ዘርፍ ነው።

የውኃ ሀብትና የመስኖ ምሕንድስና ለአርሶ አደሩ ኑሮ እጅግ የቀረበ ነው። በሜጫ አካባቢ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት የተገነባው የቆጋ መስኖና በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የርብ ግድብ የዚህ ሙያ ውጤቶች ናቸው። ግድብ ከተገነባ በኋላም ቦዩ በደለል እንዳይሞላና ውኃው ለታችኛው ተጠቃሚ እንዲደርስ የሚሠራው ባለሙያ ከዚሁ ዘርፍ ይወጣል።

መካኒካል ምሕንድስና ማሽን መንደፍን፣ ማምረትንና መጠገንን ያካትታል። ከትራክተርና ከውኃ መሳቢያ ሞተር እስከ ፋብሪካ መሣሪያ ድረስ ይዘልቃል። የግብርና ምሕንድስና በበኩሉ መውቂያን፣ መዝሪያን፣ የምርት ማከማቻንና የአፈርና ውኃ ጥበቃን በተለይ ያጠናል።

ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና በኃይል፣ በመገናኛ፣ በቁጥጥርና በኮምፒውተር ንዑስ ዘርፎች ይከፈላል። ሶፍትዌር ምሕንድስና የኮምፒውተርና የስልክ መተግበሪያዎችን ሥራ ያስተምራል። በስም የሚቀራረበው የኮምፒውተር ሳይንስ ግን ከምሕንድስና የተለየ ፕሮግራም ሲሆን ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ኬሚካል ምሕንድስና ስኳርን፣ ሲሚንቶን፣ ሳሙናንና መጠጥን የመሳሰሉ ምርቶች በፋብሪካ የሚዘጋጁበትን ሂደት ይመለከታል። የምግብ ምሕንድስና ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሲሆን በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደሚሠራው ያለውን የእህል፣ የቅባት እህልና የወተት ማቀነባበር ሥራ ያጠናል። የጨርቃጨርቅ ምሕንድስና የጥጥን ጉዞ ከክር እስከ ልብስ ይከተላል። ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻና ደብረ ብርሃን በዚህ ኢንዱስትሪ ነባር ፋብሪካዎች ያሏቸው ከተሞች ናቸው።

ባዮሜዲካል ምሕንድስና የሆስፒታል መሣሪያዎችን መትከልና መጠገን ያስተምራል። የኢንዱስትሪ ምሕንድስና የፋብሪካን አሠራር፣ ጊዜና ወጪ ያጠናል። አርክቴክቸር ደግሞ ሕንጻን መንደፍን የሚመለከት ሲሆን የሥዕል ዝንባሌን ይጠይቃል፤ ለዚህም የተለየ ፈተና የሚሰጡ ተቋማት አሉ።

ከስሙ ይልቅ ሥራውን ማየት

ከእነዚህ መካከል የቱ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ሆኖም ተማሪና ቤተሰብ አብረው ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሥራው የት ይሠራል የሚለው ነው። የመንገድ መሐንዲስ ወራትን በበረሃ ካምፕ ሊያሳልፍ ይችላል። የሶፍትዌር መሐንዲስ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። የፋብሪካ መሐንዲስ በፈረቃ ሌሊትም ይሠራል። ሁለተኛው ማን ይቀጥራል የሚለው ነው። ቀጣሪው መንግሥት ብቻ የሆነ ዘርፍና የግል ድርጅቶችም የሚፈልጉት ዘርፍ እኩል አይደሉም። ሦስተኛው ቀጣሪ ቢጠፋ ሙያው ለብቻ ያሠራል ወይ የሚለው ነው። ማሽን የሚጠግን፣ የውኃ መሳቢያ የሚተክል፣ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የሚገጥም፣ የቤት ዲዛይን የሚሠራ ሰው ገበያው በአካባቢው ሊገኝ ይችላል።

ምሕንድስና ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣቶች በየከተማው መኖራቸው እውነት ነው። ይህ ግን ሙያው ዋጋ አጥቷል ማለት ሳይሆን ዲግሪ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው። ከወረቀቱ ባሻገር በእጁ የሚሠራው ነገር ያለው ተመራቂ የተሻለ ዕድል አለው። ለዚህም በአካባቢው ከሚገኝ ባለሙያ ጋር መነጋገር ቀላሉ ዘዴ ነው። በወረዳው የመንገድ ወይም የውኃ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ መሐንዲስ፣ የጋራዥ ባለቤት ወይም በፋብሪካ የተቀጠረ የሠፈር ልጅ የሥራውን ውሎ ሊያስረዳ ይችላል።

ሴት ልጅን በሚመለከት «የሥራ ቦታው ይከብዳታል» በሚል ምክንያት ከምሕንድስና እንድትርቅ የሚመክሩ ቤተሰቦች አሉ። ይሁን እንጂ ዘርፉ በጉልበት ሳይሆን በስሌትና በዕውቀት የሚመራ ነው። ዲዛይን፣ የጥራት ቁጥጥር፣ ሶፍትዌር፣ የላብራቶሪ ምርመራና የፕሮጀክት አመራር ሁሉም የመሐንዲስ ሥራዎች ናቸው። ተማሪዋ በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ካላት ሊወስንላት የሚገባው ይኸው ውጤቷና ፍላጎቷ ነው።

አምስት ዓመት፣ የመውጫ ፈተና እና ወጪ

የምሕንድስና ትምህርት የመጀመሪያውን የጋራ ዓመት ጨምሮ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይወስዳል። በመካከሉ ተማሪው በድርጅት ወይም በፋብሪካ ገብቶ የሚሠራበት የተግባር ልምምድ አለ። በመጨረሻም የመመረቂያ ፕሮጀክት ያዘጋጃል። የልምምዱን ጊዜ ፊርማ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ሙያ ለመቅሰም የተጠቀመበት ተማሪ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ቀጣሪውን እዚያው ያገኛል።

ለመመረቅ ከ4.00 በሚሰላው ውጤት ቢያንስ 2.00 ማምጣት ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት የሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ያላለፈ ተማሪ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን ዲግሪውን አያገኝም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በውሉ መሠረት የምግብና የመኝታ ወጪውን እንዲሁም የትምህርት ወጪውን የተወሰነ ድርሻ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው እየከፈለ ይመልሳል። ይህ ዕዳ ስለሆነ ውሉን አንብቦ መፈረምና ቅጂውን መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጪ ለትራንስፖርት፣ ለአልባሳት፣ ለጽሕፈት መሣሪያ፣ ለፎቶ ኮፒና ለስልክ የሚወጣው ገንዘብ በቤተሰብ ላይ ይወድቃል። እንደ ሶፍትዌር፣ ኤሌክትሪካልና አርክቴክቸር ባሉት ዘርፎች ከጊዜ በኋላ ላፕቶፕ ማስፈለጉ አይቀርም። ገቢው በምርት ወቅት ላይ የተመሠረተ አርሶ አደር ይህን ወጪ ከመኸሩ ሽያጭ ላይ አስቀድሞ ቢመድብ ልጁ በወሰነ ትምህርቱ መካከል አይቸገርም።

የግል ተቋማትና ሌላው መንገድ

በግል ተቋም ለመማር የሚያስብ ተማሪ ከምዝገባ በፊት ተቋሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ማግኘቱን ማረጋገጥ አለበት። ዕውቅናው የሚሰጠው በጥቅሉ ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራምና ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ ዕውቅና ስላለው ብቻ ሲቪል ምሕንድስና ማስተማር አይችልም። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደለትም በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ያለ ፈቃድ ማስተማር አይችልም። ያለ ዕውቅና በተሰጠ ትምህርት ላይ የፈሰሰው ገንዘብና ዕድሜ ተመላሽ የለውም።

ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ያላመጡ ተማሪዎች ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን እንደ ውድቀት ሊያዩ አይገባም። በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች የሚሰጡት የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክ፣ የአውቶሞቲቭ፣ የግንባታና የቅየሳ ሥልጠናዎች ከምሕንድስና ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ሠልጣኞች የብቃት ምዘና አልፈው ደረጃቸውን እያሳደጉ ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት መንገድም አለ።

ሰነዶችና ጥንቃቄ

ምደባ ከታወቀ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች የጥሪ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ትራንስክሪፕት ዋናውንና ቅጂውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያን አስቀድሞ ማውጣትም ይመከራል።

በሰነዶቹ ላይ የስም አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በተለይ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ስም በአንዱ ማስረጃ ላይ ከሌላው በአንዲት ፊደል ቢለይ በምዝገባም ሆነ በምረቃ ጊዜ ችግር ይፈጥራል። ማስተካከያው በትምህርት ቤት ደረጃ ለብሔራዊ ፈተና በሚመዘገቡበት ወቅት ቢጠየቅ ቀላል ነው። ከቤት ከመውጣት በፊትም የሰነዶቹን ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በገንዘብ አይገዛም። «ጥሩ ዩኒቨርሲቲ አስመድባለሁ»፣ «ውጤት አስተካክላለሁ» ወይም «ወደ ፈለጉት ትምህርት ክፍል አዛውራለሁ» የሚሉ ደላሎችና የቴሌግራም ገጾች ምደባ በተቃረበ ቁጥር ይበራከታሉ። የሚጠይቁት ገንዘብ ከበሬ ሽያጭ ወይም ከብድር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በምላሹ ግን የሚሰጡት ነገር የለም። ትክክለኛ መረጃ የሚገኘው ከትምህርት ሚኒስቴር፣ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ ከዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው ገጾችና በአካባቢው ካሉ ትምህርት ቤቶችና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ነው።

የመቁረጫ ነጥብ፣ የማመልከቻ ቀንና የምደባ መመሪያ በየዓመቱ ሊለወጡ ይችላሉ። የማይለወጠው የበሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ልጁ 10ኛ ክፍል ያለ ቤተሰብ ስለ ትምህርት ዘርፍ፣ 12ኛ ክፍል ያለው ስለ ፈተናና ስለ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባለት ደግሞ ስለ መጀመሪያው ዓመት ውጤት ዛሬውኑ ከልጁ ጋር መነጋገር ይጠበቅበታል።